ግልገሉን ከእናቱ አደባለቃችሁት

ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ስለ ጅማ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ቡናው ተነስቷል፣ አባ ጅፋርም ተነስተዋል፣ ፎቶዎቹም ያምራሉ። «ጊቤ ወንዝ ላይ የተሠራው የግልገል ጊቤ ግድብ» የምትለዋ ጋ ስደርስ ግን ስኒዬን አስቀመጥኩ። ጊቤና ግልገል ጊቤ አንድ አይደሉም! ስሙ ራሱ ይናገራል እኮ።

ትልቁ ጊቤ ከአዲስ አበባ ስትመጡ ወልቂጤን አልፋችሁ፣ ገደሉን እየተጠማዘዛችሁ ወርዳችሁ በድልድይ የምትሻገሩት ነው። ከአውቶቡስ ተራ ጀምሮ «ብርድ ይመታኛል፣ መስኮት ዝጉ» ሲሉ የነበሩ እናት እዚያ ቆላ ሲደርሱ ነጠላቸውን አውልቀው ራሳቸው መስኮቱን ይከፍቱታል። በእሱ ነው የምናውቀው።

ግልገሉ ከዚያ ወዲህ ነው። ከጅማ ዙሪያ ደጋዎች ይነሳና በቀርሳና በኦሞ ናዳ በኩል አድርጎ ትልቁን ጊቤ ይቀላቀላል፣ እሱ ደግሞ ወደ ታች ኦሞ ተብሎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ያለው ግልገሉ ላይ ነው። ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ያንኑ ውኃ ተቀብሎ 26 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ተራራ ሰንጥቆ ወደ ኦሞ ሸለቆ ያወርደዋል፣ 420 ሜጋ ዋትም ከዚያ ይገኛል። ጊቤ ሦስት የሚባለው ደግሞ ስሙ ጊቤ ይሁን እንጂ ያለው ኦሞ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ብትሳሳቱ አልፈርድባችሁም፣ ስም አውጪዎቹም አግዘዋችኋል።

ሌላው ቅሬታዬ የጽሑፋችሁ ታሪክ የጅማ ነገሥታት መቀመጫ በነበረው ጅሬን ላይ መቆሙ ነው። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት በረንዳ ላይ ቆሞ ከተማዋን ቁልቁል ማየት ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን አገሩን የጊቤ መንግሥታት ያሰኘው እኮ ወንዙ ነው። ጅማ፣ ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ፤ አምስት ነበሩ። ጅማ ሳትገን በፊት ነጋዴ የሚጎርፈው ሊሙ፣ ሰቃ ገበያ ነበር። የሊሙው ንጉሥ አባ ባጊቦ ጅሬን ላይ ያ ቤተ መንግሥት ሳይሠራ በፊት ነው የነገሡት። ፈረንሳዊው ተጓዥ ዳባዲ እንኳ በ1843 እ.ኤ.አ. እስከዚያ ድረስ መጥቷል፣ ያውም በእግርና በበቅሎ። የእናንተ ሰው በመኪና መጥቶ ስለ ሊሙ አንዲት መስመር አልጻፈም።

ስለ አዌቱም ዝም ብላችኋል። ከተማችንን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ የሚያልፈው ወንዝ ማለቴ ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት የምሻገረው ድልድይ ሥር የውኃ ፕላስቲክ፣ ነጠላ ጫማና የፌስታል ክምር ተያይዞ ይታያል፣ ትልቅ ዝናብ የጣለ ቀን ደግሞ ድራሹ ይጠፋል። ሰው «ወንዙ ጠራ» ይላል። የት ሄዶ? አዌቱ እኮ በቦዬ ረግረግ በኩል ዞሮ ግልገል ጊቤ ነው የሚገባው፣ ግልገል ጊቤ ደግሞ ያ ፎቶውን ያወጣችሁት የግድቡ ሐይቅ ነው።

እርማቱን በሚቀጥለው እትም እጠብቃለሁ። ጋዜጠኛችሁ ድጋሚ ከመጣ ደነባ ላይ ይውረድና ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰው ይስጡት፤ እሾሁን እየለቀመ የወንዙን ስም እዚያው ይጠይቅ።

አንባቢያችሁ፣
ከጅማ፣ ሄርማታ