በፈረስ ሙያ ለመኖር ላሰብሽው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ። ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። የመጀመሪያ ዓመት ትምህርትሽ ሊያልቅ መቃረቡንና የትምህርት ክፍል በምትመርጪበት ጊዜ ከፈረስ ጋር የሚያውል ሙያ ለመያዝ ማሰብሽን የገለጽሽበትን ደብዳቤ ከእናትሽ ጋር ደጋግመን አነበብነው። አጎትሽ ወሬውን ሰምቶ፣ «ዩኒቨርሲቲ የገባችው የፈረስ ጭራ ልትከተል ነው?» እያለ ሲስቅ ሰንብቷል። እኔ ግን ጥያቄሽ በሳቅ የሚታለፍ ስላልመሰለኝ ያሰብኩትን በዝርዝር እጽፍልሻለሁ።

የወረኢሉ ልጅ ፈረስ ብትወድ የሚያስገርም ነገር የለውም። አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ዘመቻ ክተት ሲያውጁ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ከትቶ እንዲጠብቃቸው የቀጠሩት እዚሁ ወረኢሉ ነበር፤ በዐድዋ የዋለው የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛም ዝናው እስከ ዛሬ ይነገራል። ነገር ግን ያ ዘመን ፈረስ የመንግሥት ጉልበት የነበረበት፣ ነገሥታቱና መኳንንቱ አባ ዳኘው፣ አባ ታጠቅ እየተባሉ በፈረሳቸው ስም የሚጠሩበት፣ ፈረሶቹን የሚያስተዳድረው ባልደራስም ራሱን የቻለ ሹም የነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ፈረስ የድሀ ጉልበት ነው። ስለዚህ ልትጠይቂ የሚገባሽ ፈረስ እወዳለሁ ወይ ብለሽ ሳይሆን የድሀን ፈረስ እያገለገልኩ መኖር እችላለሁ ወይ ብለሽ ነው።

ኢትዮጵያ 2 ሚሊዮን ያህል ፈረስ ያላት፣ በአፍሪካም በፈረስ ብዛት ከቀዳሚዎቹ የምትቆጠር አገር ናት። ይህን የሚሰማ ሰው የፈረስ ባለሙያ ሥራ አያጣም ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ሥራውስ በእርግጥ ሞልቷል፣ የሚጎድለው ከፋዩ ነው። ምክንያቱንም ከቤታችን ልታገኚው ትችያለሽ። በሬያችን ሲታመም ሐኪም የምንጠራው አርሶ አርሶ ሲደክም እንኳ አደልበን ለሥጋ እንደምንሸጠው ስለምናውቅ ነው። የፈረስን ሥጋ ግን እስላሙም ክርስቲያኑም አይበላም፤ መሸከምና መጎተት ያቆመ ዕለት ዋጋው ያበቃል። ባለቤቱ ጨካኝ ሳይሆን ሒሳቡ እንደዚያ ሆኖበት፣ ለመርፌ የሚያወጣውን ገንዘብ ለፉርሽካ ቢያውለው ይመርጣል። ያረጀ የጋሪ ፈረስ ማታ ከከተማ ዳር ተለቅቆ ለጅብ የሚተወውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ይህን ሥራ ከያዝሽ እንዲህ ያለውን ፈረስ ታዪዋለሽ፤ አንዳንድ ጊዜም የሚበጀው ያለ ሥቃይ እንዲሞት ማድረግ መሆኑን ለባለቤቱ የምታስረጂው አንቺ ትሆኛለሽ። ባለቤቱ ደግሞ በልጅነቱ የጋለበበትን ፈረስ ግደይልኝ ብሎ በአፉ መናገር የሚከብደው ሰው ሊሆን ይችላል። እኔ በሕይወቴ ያንን ማድረግ የምችል አይመስለኝም፤ አንቺ ግን ከእኔ ይልቅ የእናትሽን ልብ ወርሰሻል።

በሽታውንም አስቀድመሽ ዕወቂው። እኛ ዘንድ በደጋው ብርድ ብዙም የማይታየውና ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ የሚባለው የፈረስ በሽታ እንደ ኮምቦልቻ ያለውን ሞቃት ወይና ደጋ ይወዳል። መንስኤው ፈንገስ ነው፤ የጋሪው ወይም የጭነቱ ዕቃ በላጠው ቁስል ይገባል፣ ዝንብም ያዛምተዋል፤ ከዚያም ከቆዳው ሥር እንደ ገመድ የተያያዘ እብጠት እያወጣና እየፈረጠ ፈረሱን ያመነምነዋል። በጊዜ ከተደረሰበት በአዮዲን መድኃኒት ሊረዳ ይችላል፤ ከቆየ ግን ተስፋው ትንሽ ነው። ባለጋሪው ፈረሱን አሳርፎ እንዲያሳክም ብትመክሪው፣ «እኔስ ምን በልቼ?» ብሎ ይመልስልሻል፤ መልስ የሚሆን ነገር ከመጽሐፍ አታገኚም። የሆድ ቁርጠትም አለ፤ ፈረስ እንደ ውሻ የበላውን ማስመለስ ስለማይችል ሆዱ ከተነፋ ወይም አንጀቱ ከታጠፈ በጥቂት ሰዓት ሊሞት ይችላል፤ ቁርጠት ደግሞ ቀንና ሌሊት አይመርጥም።

እንግዲህ በየት በኩል ትገቢበታለሽ? ጋሪ መግዛት ይቅር፤ ባጃጅ ሥራውን ወስዶታል። አዲስ አበባ ግልቢያ የሚያስተምሩ ቦታዎች አሉ፤ ደንበኞቻቸው ግን ጥቂት ናቸው። በላሊበላ ቱሪስቱን ወደ አሸተን ማርያም በበቅሎ የሚያወጡት ሰዎች ሥራ የእንግዳ መምጣትና መቅረት የሚወስነው ሲሆን፣ ባለፈው የጦርነት ጊዜ ምን ያህል እንደተጎዱ አንቺም ሰምተሻል። ደላላ ወደ ዐረብ አገር የፈረስ ጋጣ እወስድሻለሁ ቢልሽ ግን መልስ እንኳ አትስጪው።

እኔ የምመክርሽ የእንስሳት ሕክምናን ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ደሴ ላይ ያስተምረዋል፤ ትምህርቱም ከአምስት ዓመት የማያንስ ስለሆነ ትዕግሥትን ይጠይቃል። የመረጥኩት በአንድ ቀላል ምክንያት ነው፤ የላሙ፣ የበጉና የዶሮው ሐኪም መሆንሽ ደመወዝ ያስገኝልሻል፣ በዚያ ላይ ቆመሽ ፈረሱን በፍላጎትሽ ታክሚያለሽ። የወረዳ ክሊኒክ፣ የራስ የእንስሳት መድኃኒት ቤት፣ ኮምቦልቻ ያለው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ሁሉም የዚህን ሙያ ሰው ይፈልጋሉ። በአገራችን ለጋማ ከብት የሚሠሩ እንደ ብሩክ፣ ስፓናና ዶንኪ ሳንክቹዋሪ ያሉ ድርጅቶችም አሉ፤ ነገር ግን የድርጅት ሥራ በፕሮጀክት የሚመጣና ከፕሮጀክቱ ጋር የሚሄድ በመሆኑ የኑሮሽን ምሰሶ በእርሱ ላይ ብቻ አታቁሚ። ፈረስ ብቻ የሚያክም ሰው በእኛ አገር ይራባል ብዬ በግልጽ ብነግርሽ ይሻላል።

እናትሽ የምትፈራው ርግጫውን ነው፤ ሴት ልጅ ከድንጉላ ጋር እንዴት ትታገላለች ትላለች። ትግል እንዳልሆነ ነግሬአታለሁ፤ ፈረስን በጉልበት የሚያሸንፍ ወንድ እንኳ የለምና። ከኋላው ሳይሆን ከትከሻው በኩል ድምፅ እያሰሙ የሚቀርቡት፣ ጆሮውን ሲያጋድም የሚያስተውሉት ሰዎች ናቸው በደኅና የሚያረጁት። ያም ሆኖ ልምድ ያለውም ሰው ይረገጣልና ፍርሃቷን ከንቱ አልለውም፤ አንቺም አትናቂባት።

ምርጫው የአንቺ ነው። ሌላ ክፍል ብትመርጪ አልከፋም፣ ይህንንም ብትመርጪ አጎትሽን እኔ እመልስልሻለሁ። ብቻ ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት አንድ ነገር እንድታደርጊልኝ እፈልጋለሁ። ከክሊኒካችን ባለሙያ ጋር ተነጋግሬ፣ ለዕረፍት ስትመጪ በገበያ ቀን አብረሽው እንድትውዪ ፈቅዶልኛል። በዚያ ቀን ጀርባው የተላጠ፣ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ ዓይኑ የታመመ ፈረስና አህያ ከየቀበሌው ይመጣል፤ ቁስል ታጥቢያለሽ፣ መግል ይነካሻል፣ ከባለቤቶቹም ጋር በዋጋ ትነጋገሪያለሽ። ቢያንስ ሁለት ገበያ ዋይና ያየሽውን ለእኔም ለእናትሽም ንገሪን። ቦት ጫማ ከደሴ ግዢ፣ እዚህ በልክሽ አይገኝም፤ ገንዘቡን ከሚመጣ ሰው ጋር እልክልሻለሁ። አብሽሪ፣ አላህ የሚበጅሽን ይምረጥልሽ።

አባትሽ
ከወረኢሉ