የታሪክ ክበብ ዘንድሮ፦ ሚኒስትሩና የአፈር ጎጆው

«በአማርኛ ትምህርት ቤት የፈረንጅ ሚኒስትር ታሪክ ምን ይሠራል?» ያሉኝ ወላጆች አሉ። አልከፋኝም። ግን ልጆቻችን የሚያድጉት ምዕራብ ካናዳ፣ ኤድመንተን ነው። ይህ ሜዳ እንዴት በሰው እንደተሞላ ማወቅ አለባቸው።

ስለዚህ የክሊፎርድ ሲፍተንን ሕይወት ያዝን። ኦንታርዮ በ1861 ተወለደ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፤ ማኒቶባ ውስጥ ጠበቃ ሆነ፤ እኛ አድዋ ላይ ባሸነፍንበት በ1896 መጨረሻ የካናዳ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ተሾመ። በ10 ዶላር መመዝገቢያ ለሰፋሪ 160 ኤከር መሬት የሚሰጠው ሕግ ከሱ በፊትም ነበር። በእኛ ልክ አንድ ጋሻ ተኩል ይሆናል። ሲፍተን ውጣ ውረዱን አሳጥሮ፣ ገበሬ ፍለጋ አውሮፓ ድረስ ወኪል አሰማራ። በ1896 ካናዳ የገባው ሰው 17 ሺህ አይሞላም ነበር፤ ሥልጣን በለቀቀበት በ1905 ከ140 ሺህ በላይ ሆነ።

የሚፈልገው ደበሎ የለበሰ፣ አያት ቅድመ አያቱ ያረሱ ገበሬ ነው። ከተሜ አይወድም። ጥቁር ገበሬ ከአሜሪካ እንዳይመጣ መሥሪያ ቤቱ ይከላከል ነበር። የነባር ሕዝቦች ጉዳይም በሱ እጅ ነበር፤ መሬቱ የማን እንደነበር ልጆቹ ራሳቸው አንስተው ተከራከሩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰበሰብን፣ አነበብን፣ አጭር ድራማም አዘጋጀን። ሲፍተን ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበርና እሱን የሆነው ልጅ ካርቶን ጠቅልሎ ጆሮው ላይ ደገነ። የማይወደው ጥያቄ ሲመጣ ካርቶኑን ያወርደዋል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በጥር ብርድና በኳስ ልምምድ ምክንያት ግን አባላቱ ተመናመኑ። ፕሮጀክተሩም ከገና ወዲህ አይሠራም፤ ኮሚቴው ያውቃል።

ከሁሉ የማይረሳኝ በግንቦት፣ በሲፍተን ዘመን ከመጡት ገበሬዎች መካከል ወደሆኑት ወደ ዩክሬናውያን የቅርስ መንደር የሄድንበት ቀን ነው። ከከተማችን በስተ ምሥራቅ ነው። ግማሹ መሬት ውስጥ የተቆፈረ፣ ጣሪያው ሳር ያበቀለ አፈር የሆነ ጎጆ አለ። ጎንበስ ብለን ገባን። አፈር አፈር ይሸታል። የጥንቷን ሰፋሪ ሆና የምታስተናግደው ሴትዮ ባሏ ባቡር ሐዲድ ሥራ ሄዶ ብቻዋን እንደምትከርም ነገረችን። አንዷ ተማሪዬ «የኔም አባት መጀመሪያ ብቻውን ነው የመጣው፤ እኔና እማዬ አዲስ አበባ ቀረን» አለቻት።

«ደብዳቤ ይጽፍ ነበር?»

«በቫይበር ይደውል ነበር።»

«ቫይበር ማነው? የፈረሱ ስም ነው?» አለች ሴትዮዋ፣ ፊቷ ንቅንቅ ሳይል። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ።

አውቶቡስ ውስጥ ያቺው ልጅ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «ቲቸር፣ ሲፍተን አባቴን ያስገባው ነበር?» አለችኝ። አባቷ ታክሲ ነጂ ነው። «አይመስለኝም» አልኳት። ትንሽ አሰብ አድርጋ «እሱ ባያስገባውም መጥቷል» አለች። በዓመቱ መዝጊያ ኤግዚቢሽን ላይ የሲፍተንን ፎቶ ከአባቷ ፎቶ ጎን ለጠፈችው። ከሥሩ በአማርኛ የጻፈችው ገጽ አሁንም ኮሪደሩ ላይ አለ። ፊደሉ ይንገዳገዳል፤ ግን ራሷ ናት የጻፈችው።

ለዚያች ጉዞ የአውቶቡሱን ኪራይ የከፈልነው አምባሻ ሸጠን ነው። የእግር ኳስ ቡድናችን ማልያ በየዓመቱ ይገዛለታል፤ ይገዛለት፣ አልቃወምም። ለታሪክ ክበብ ግን አንድ አውቶቡስና አንድ የሚሠራ ፕሮጀክተር ይበዛበታል? የመዋጮ ቅጹ ቢሮ አለ። እኔም ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ ይዤው እቆማለሁ።