የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ «ዲድ» ካለ «ዌንት» የለም

መስከረም ላይ የተጻፈው የክበቡ ዕቅድ ክርክር፣ አጭር ድራማ፣ የግድግዳ መጽሔት እና የ8ኛና የ12ኛ ክፍል የፈተና ዝግጅት ይላል። ክርክሩ ተካሂዷል፤ የግድግዳ መጽሔቱም ወጥቷል። ድራማው ልምምድ ላይ ቀረ። የዓመቱን ረቡዕ ከሰዓት ሁሉ ማለት ይቻላል የበላው ግን ሲምፕል ፓስት (የእንግሊዝኛው ቀላል ኃላፊ ጊዜ) ነው።

ሰበቡ የመጀመሪያው ቀን ጽሑፍ ነው። አባላቱ «ትናንት ከትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ» በሚል ርእስ 10 ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ ተደረገ። የኢሬጉላር ቨርብ (ኃላፊ ጊዜያቸው በመደበኛው ደንብ የማይሠራ ግሶች) ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች በቃላቸው የሚያወርዱት ሳይቀሩ «አይ ዲድ ኖት ጎ» (አልሄድኩም) በማለት ፈንታ «አይ ዲድ ኖት ዌንት» ብለው ጻፉ። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን»ን ያልሸመደደ የለም። ያልተጠናው «ዌንት» የማይገባበት ቦታ ነው።

ስህተቱ የስንፍና አይደለም። በአማርኛ «አልሄድኩም» ስንል አሉታውም፣ ኃላፊ ጊዜውም፣ አድራጊውም እዚያው አንድ ግስ ውስጥ ናቸው። በአፋን ኦሮሞ «ሂን ዴምኔ» ሲባልም ያለፈው ጊዜ ግሱ ላይ ነው ያለው። ተማሪው ከሁለቱም ቋንቋ የለመደውን ይዞ ይሄድና ግሱን በኃላፊ ጊዜ ያስቀምጠዋል። እንግሊዝኛ ግን አሉታ ወይም ጥያቄ ሲመጣ ኃላፊ ጊዜውን ከግሱ ነጥቆ ለ«ዲድ» ይሰጠዋል፤ ግሱ ባዶ እጁን ወደ መነሻ ቅርጹ ይመለሳል።

ይህን ለማሳየት የተሠራው ልምምድ ሁለት በርጩማና ጥቂት የካርቶን ካርድ ብቻ ይፈልጋል። አንደኛው በርጩማ ላይ «ሺ» የሆነው ተማሪ፣ ሁለተኛው ላይ ግሱ የሆነው ይቀመጣሉ። የግሱ ካርድ በአንድ ፊቱ «ዌንት»፣ በጀርባው «ጎ» ተጽፎበታል። ግሱ በሌላ እጁ «ፓስት» የሚል ቀይ ካርድ ይዟል። «ሺ ዌንት» ተብሎ ይነበባል። ከዚያ «ዲድ» የሆነው ተማሪ «ኖት»ን አስከትሎ ይመጣና መሀል ቆሞ ቀዩን ካርድ ይቀበላል፤ ግሱ ካርዱን ሳይገለብጥ አንድም ቃል አይነበብም። በአንድ ዙር 10 ግስ ይሠራል፤ 15 ደቂቃ ይበቃል። ከሦስተኛው ዙር በኋላ «ዲድ» ከበር ሲገባ ግሶቹ ራሳቸው ካርዳቸውን መገልበጥ ይጀምራሉ። የፈለግነውም ይኸው ነው፤ ፈተና ላይ ሕጉን ለማስታወስ ጊዜ የለም፣ እጅ መልመድ አለበት።

ልምምዱ የራሱን ችግር መውለዱ አልቀረም። አንዳንዶች «ዲድ»ን ሁሉም ቦታ አስገቡትና «ዲድ ኖት ዎዝ» መጣ። «ዎዝ» እና «ዌር» የማንንም እርዳታ አይሹም፤ «ዎዝ ኖት» ይበቃቸዋል። «መስኮቱን ማን ሰበረው?» ሲባልም «ሁ ብሮክ ዘ ዊንዶው?» ነው፤ ጠያቂው ቃል ራሱ አድራጊ ስለሆነ «ዲድ» አይገባም። ሌላው «አይ ዲድ ኖት ማይ ሆምዎርክ» ነው። እዚህ ላይ የጎደለው «ዱ» ነው፤ «ዲድ ኖት ዱ» መባል አለበት፤ ምክንያቱም የፊተኛው «ዲድ» ረዳት ነው እንጂ ሥራውን የሠራው እሱ አይደለም።

ሁለተኛው ሰፊ ጉድጓድ ፕረዘንት ፐርፌክት (በ«ሃቭ» ወይም በ«ሃዝ» የሚሠራው የግስ ቅርጽ) ነው። «ትናንት አይቼዋለሁ» በአማርኛ ምንም አይጎድለውም። «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ግን ስህተት ነው፤ እንግሊዝኛ ያለቀ ጊዜ በስም ከተጠራ «ሃቭ»ን አያስጠጋም። ስለዚህ የክበቡ ደንብ የፈተናውን አራት ምርጫ ከማየት በፊት የጊዜውን ቃል መክበብ ነው። «የስተርዴይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «አጎ»፣ «ኢን» ከነዓመተ ምሕረቱ ካለ ሲምፕል ፓስት። «ሲንስ» ካለ ዋናው ግስ ፐርፌክት ይሆናል፣ ከ«ሲንስ» ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ግን ፓስት ነው፦ «ሂ ሃዝ ሊቭድ ሂር ሲንስ ሂ ዎዝ ኤ ቻይልድ»። «ፎር» ሁለቱንም ስለሚቀበል ቃሉን መክበብ ብቻውን አያድንም። ሰውየው ጅማን ለቋል? «ሂ ሊቭድ ኢን ጅማ ፎር ፋይቭ ይርስ»። አሁንም አለ? «ሂ ሃዝ ሊቭድ»። መልሱ ከቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ይገኛል፤ ሳያነቡ መምረጥ ሎተሪ ነው።

ጅሬን ሄደን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ከጎበኘን በኋላ የተጻፉት አንቀጾች ደግሞ ተቃራኒውን ስህተት አሳዩ፦ ሁሉም ነገር ፓስት ሆነ። ዳግማዊ አባ ጅፋር በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ነገሡ፤ ዘመኑ ስለተዘጋ «ሩልድ» ልክ ነው። «ዘ ፓላስ ዎዝ ኢን ጅማ» ሲባል ግን አንባቢው ቤተ መንግሥቱ ፈርሷል ብሎ ያዝናል። ቆሞ አለና «ኢዝ»። በነገራችን ላይ ተማሪዎቹ የራሳቸውን የትውልድ ከተማ ሲጽፉ ግማሾቹ «አይ ቦርን ኢን ጅማ» ብለዋል፤ «ተወለድኩ» በአማርኛ አንድ ቃል ስለሆነ «ዎዝ» ይረሳል።

በመደበኛ ግሶች መጨረሻ ለኃላፊ ጊዜ የሚጨመረው የ«ኢዲ» አነባበብ በሦስት ዓምድ በፊደል ተጽፎ ተለጠፈ፤ ፊደል ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ግሱ በ«ት» ወይም በ«ድ» ድምፅ ካለቀ «ኢድ» ይጨመራል፦ «ዎንቲድ»፣ «ኒዲድ»። ጉሮሮን በጣት ነክቶ የመጨረሻው ድምፅ ካልነዘረ «ት»፦ «ዎክት»፣ «ዎሽት»፣ «ላፍት»። ከነዘረ «ድ»፦ «ፕሌይድ»፣ «ክሊንድ»። በጽሑፍ የሚያልቅበት ሆሄ አያታልላችሁ፤ «ላፍ» የሚያልቀው በ«ጂ ኤች» ነው። በቃል ጽሕፈት ልንፈትነው ስንል ግን የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደ፤ «ዎክ» እና «ዎክት» በዚያ ጩኸት አይለዩም። ከዚያ ወዲህ የቃል ጽሕፈት ጠዋት ነው የሚሰጠው።

የኢሬጉላር ግሶች በሳምንት 10 ብቻ፣ ያውም በድምፅ ተመድበው ተጠኑ፤ የእንግሊዝኛው የፊደል ተራ ለመዝገበ ቃላት እንጂ ለትውስታ አይመችም። «ቦውት»ና «ብሮውት» (ገዛ፣ አመጣ)፣ «ፌል»ና «ፌልት» (ወደቀ፣ ተሰማው) ጎን ለጎን ካልተቀመጡ ይቀላቀላሉ። «ፋውንድ» «አገኘ» ሲሆን «መሠረተ» የሚለው «ፋውንድድ» ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጅ 1999 «ዎዝ ፋውንድድ» እንጂ «ዎዝ ፋውንድ» አይባልም፤ ጠፍቶ አልተገኘም።

በንግግር ጥያቄዎች ብዙ ሰው የጣለችው ይህች ናት፦ «ሺ ፑት ዘ ኪ ኦን ዘ ቴብል» ብሎ መጨረሻው ላይ «አይደል?» የሚለውን ያስመርጣል። «ፑት» ቅርጹን ስለማይቀይር አሁን ይመስላል። አሁን ቢሆን «ፑትስ» ይል ነበር፤ «ኤስ» ስለሌለው ያለፈ ነው፣ መልሱም «ዲድንት ሺ» ነው። ሌላው የአማርኛ ልማድ ነው። ሻይ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ሲጠራ ገና ከቦታው ሳይነቃነቅ «መጣሁ!» ይላል። ይህ በእንግሊዝኛ «አይም ካሚንግ» ነው፤ «አይ ኬም» ያለ ተማሪ ደርሷል ማለት ነው።

«ኢፍ አይ ኒው» ላይ ብዙ አልቆየንም፤ ቅርጹ የፓስት፣ ጊዜው የአሁን ነው፤ ትርጉሙ «ባውቅ ኖሮ» መሆኑን የያዘ አይስተውም።

ከጥር ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ 20 ጥያቄ በ20 ደቂቃ ተሰጥቷል። የሳተ ተማሪ ትክክለኛውን ሆሄ ብቻ አይገለብጥም፤ ስህተቱን በሚመዘግብበት ደብተር ላይ የከበበውን የጊዜ ቃልና የሳተበትን ምክንያት በአንድ መስመር ይጽፋል። «ተቻኩዬ» የሚል ምክንያት ተቀባይነት የለውም።

ለመጪው ዓመት ፓስት ፐርፌክትና የተዘዋዋሪ ንግግር ሳይነኩ ተላልፈዋል። ካርዶቹ በቤተ መጻሕፍቱ የታችኛው መደርደሪያ በጫማ ካርቶን ውስጥ አሉ። ቀዩ ካርድና የ«ቴክ» ካርድ ጠፍተዋል፤ ያገኘ ለክበቡ ጸሐፊ ይመልስ።