ጸበሉንም መርፌውንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አንዲት የሐዋሳ ልጅ ልጻፍላችሁ። ሯጭ ናት። ስሟ እንዲነሳ አትወድም። ማለዳ ታቦር ተራራን ስትወጣ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃታል። አምና ትንፋሽ እያጠራት ስትመረመር የልብ ቫልቭ (ደም የሚያልፍበት በር) ችግር አለብሽ ተባለች። መነሻው በልጅነቷ በወጉ ሳይታከም የቀረ ቶንሲል ነው አሏት።

ሩጫው ቆመ። አሁን ቶንሲሉ ተመልሶ ልቧን ይበልጥ እንዳይጎዳ በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች። ቀላል መርፌ እንዳይመስላችሁ፤ እያነከሰች ስትመለስ አይቻታለሁ። በማግስቱ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ቅዱስ ገብርኤልን ልትሳለም ትወጣለች። "እምነት ካለሽ መርፌው ምን ያደርግልሻል?" ያሏት ነበሩ። "መድኃኒቱንስ የሰጠን ማን ሆነና?" ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለታናናሾቿ ሰዓት ትይዛለች፤ ጩኸቷ ከአሠልጣኙ ይብሳል!

እናንተ ስፖርተኛ ሲታመም "ጀግና" ብላችሁ ታልፋላችሁ። ይሁን፣ ጀግና ናት። ግን የቶንሲሉንም ነገር ጻፉልን። ጉሮሮውን ያመመውና ያተኮሰው ልጅ ጤና ጣቢያ ይታይ። ክለቦችም ታዳጊ ከመመዝገባቸው በፊት ልቡን ያስመርምሩ።

ጎረቤቷ፣ ከሐዋሳ