ሽንኩርቱን ማን ይከትፋል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በየዓመቱ የምታወጡትን የተመራቂዎች ገጽ አልፌው አላውቅም። ዘንድሮም ከሌሊት ፈረቃ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው ያነበብኩት። ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ የኮምፒውተር ባለሙያ። ከሥሩ ግን «ልጆቻችን እንጀራ የማይወጣው ትምህርት እንዳይመርጡ እንምከር» የምትል ነገር ጣል አድርጋችኋል። እኔም ከመካሪዎቹ አንዷ ነበርኩና ነው ብዕር ያነሳሁት።

ልጄ የገባችው ኖርዝፊልድ፣ ካርልተን ኮሌጅ ነው። ከሴንት ፖል በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ተማሪው 2,000 ገደማ ነው፤ ከተማዋም መፈክሯ «ላሞች፣ ኮሌጆችና እርካታ» ነው። ገቢያችንን አይተው የጎደለውን ስለሸፈኑልን ተመስገን አልኩ። ኋላ «ሶሲዮሎጂና አንትሮፖሎጂ መረጥኩ» (የሰውን ማኅበራዊ ኑሮና ባህል የሚያጠና ትምህርት ነው) ስትለኝ ግን ሦስት ቀን አኮረፍኳት። ለእድራችን ሰዎች «ነርሲንግ ነው» እያልኩ ዓመት ከረምኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ኮሌጁ ነርሲንግ እንደማያስተምር ያወቀብኝም የለም።

በመጨረሻው ዓመት «ኮምፕስ» ለሚሉት የመመረቂያ ሥራ የራሳችንን እድር ልታጠና መጣች። መጀመሪያ የስምምነት ቅጽ አስፈረመችኝ፤ በአማርኛ ያዘጋጀችው ነው። «ስምዎ አይጠቀስም፤ በፈለጉ ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ» ይላል። ልጄ አንቱ ብላኝ አታውቅም፤ ሳቄን ዋጥ አድርጌ ፈረምኩ።

«ለቅሶ ቤት ሽንኩርቱን ማን ይከትፋል?»

«እኛ ነና!»

«መዝገቡንስ ማን ይይዛል?»

«ወንዶቹ።»

«የእናንተ ሥራ መዝገቡ ላይ የት አለ?»

መልስ አጣሁ። 19 ዓመት ሙሉ ያን ሁሉ ድስት ሳነሳ ስጥል ኖሬ፣ ስሜ ያለው የወር መዋጮ ዓምድ ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ለቅሶ በተገኘ ቁጥር ማድ ቤት ትገባለች። «ቁጭ ብሎ ሰው ማየት ነውር ነው» ስላልኳት ቀን ትከትፋለች፣ ማታ ትጽፋለች። አዲስ የመጣችዋ ሴት ለምን ሁልጊዜ ዕቃ አጣቢ እንደምትሆን ሳይቀር ጽፋለች። እኔ አንድ ቀንም ልብ ብዬው አላውቅም።

ከዚያው ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1880 የተመረቀ ቶርስታይን ቬብለን የሚባል የኢኮኖሚና የማኅበረሰብ ተመራማሪ ነበር አሉ። የኖርዌይ ስደተኛ ገበሬዎች ልጅ ነው። ለታይታ ስለሚወጣ ገንዘብ በ1899 ያሳተመውን መጽሐፍ ስታስረዳኝ፣ ባለፈው ክረምት ሠርግ የተደረደሩት ሊሞዚኖች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። (የማን ሠርግ እንደሆነ አልናገርም፤ ጋዜጣችሁን ያነባሉ።)

ሥራ ታገኛለች ወይ? አልዋሽም፣ ያሳስበኛል። ነርስ ብትሆንማ ዛሬ እንቅልፌን በተኛሁ። ሆኖም የእድሩ ሴቶች በመጪው ስብሰባ የማድ ቤቱ ሥራ እንደ መዋጮ ይመዝገብልን ብለን ልንጠይቅ ነው፤ ወንዶቹ ገና አልሰሙም።

የምረቃ ፎቶዋን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ከሥሩ «ሶሲዮሎጂና አንትሮፖሎጂ» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉልኝ።

የተመራቂዋ እናት፣ ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ