ጠላት በጎን ይሳላል

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እማዬና አባባስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የሃምቡርግ ብርድ ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው ብዙም አይከብድም።

ባለፈው «ሌሊቱን ሙሉ ምንድን ነው የምትስለው?» ብለኸኝ ስልኩ ተቋረጠ። የጠፈር ጦርነት ነው። ልብ ወለድ ነው፤ ቦታው ግን እውነተኛ ነው። ማርስን የምትዞር ፎቦስ የምትባል ትንሽ ጨረቃ አለች። ከማርስ በላይ 6,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከኋላዋ ማርስ ቀይ ሆና ሰማዩን ትሞላዋለች። መርከቦቹ የሚዋጉት እዚያ ነው። የምሠራው ብሌንደር በሚባል የኮምፒውተር ሥዕል መሥሪያ ሶፍትዌር ነው፤ ነፃ ስለሆነ አንተም አውርደህ ልትሞክረው ትችላለህ።

ያስቸገረኝ ርቀት ነው። ጣርማበር ላይ ቆመህ ወደ ይፋት ቆላ ስታይ፣ የራቀው ተራራ ሰማያዊ ይሆንና ይደበዝዛል። ዓይንህ ርቀቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ጠፈር ላይ ግን አየር የለም። የራቀችውም መርከብ እንደ ቅርቧ ጥርት ብላ ትታያለች፤ ጥላውም ድቅድቅ ጥቁር ነው። ስለዚህ አንዷን መርከብ በሌላዋ ከለልኳት፣ መስኮቶቹንም ጥቃቅን አደረግኳቸው። ያኔ ግዝፈቷ ወጣ። ፍንዳታውም ጭስ የለውም። ስብርባሪው በየአቅጣጫው ቀጥ ብሎ ይበተናል፣ የሚያቆመውም የለም።

ደስ ያለኝን ደግሞ ልንገርህ። የቤተ ክርስቲያናችንን ሥዕሎች ታስታውሳለህ አይደል? ቅዱሳኑ በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላሉ። ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው። የ1888ቱን የዓድዋ ጦርነት የሳሉትም ጣሊያኖቹን እንደዚያው በጎን ነው የሳሏቸው። እኔም የተከላካዮቹን መርከቦች ፊት ለፊት አዞርኳቸው፤ ግንባራቸው ላይ ሁለት ሁለት መብራት አለ። ወራሪዎቹ በጎን ናቸው፣ የሚታየው አንድ መብራት ብቻ ነው። ሐበሻ ካየው ማን ማን እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል። የአገራችን ሠዓሊዎች ይህን ያህል ጥበብ ትተውልን ጠፈር ስንስል የሰው መኮረጅ የለብንም ብዬ አምናለሁ።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርህ። ለፎቦስ መሬት የጣርማበርን ጥቁር ድንጋይ እፈልገዋለሁ። በስልክህ ፎቶ አንሳልኝ፤ ፎቶውን በኮምፒውተር የፎቦስን መሬት አለብሰዋለሁ። ፀሐይ ካለ ተወው፤ ጥላው ድንጋዩ ላይ ይቀርና እኔ የማበራው ብርሃን ይበላሽብኛል። ጉም ወይ ደመና ያለበት ቀን ይሻላል። ስልኩን ከድንጋዩ ትይዩ ያዝ፣ ፍላሽ አታብራ። መጠኑን እንዳውቅ አንዱን ፎቶ ዱላህን አስደግፈህ አንሳው። ገደሉ አፍ ድረስ ግን እንዳትሄድ፣ አደራ!

ስትልክልኝ በቴሌግራም እንደ ፋይል ይሁን፤ እንደ ፎቶ ከላክኸው ጥራቱን ይቀንሰዋል። እማዬንና አባባን ሳምልኝ፣ ለጎረቤቶቹም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የሚናፍቅህ ወንድምህ