በየዕለቱ የሚከፈት በር እንፈልጋለን፦ ለአዲስ አጥቢያ ምሥረታ የድጋፍ ጥሪ

ወንድሞችና እኅቶች፣ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

በአንድ ቤተሰብ ሳሎን የጀመርነው የጸሎት ኅብረት ቤቱ ጠቦታል። ቃሉን በረንዳ ላይ ቆመው የሚሰሙ አሉ። ልጆች የሚማሩበት ክፍል የለም። አረጋውያን ደረጃው እየከበዳቸው መቅረት ጀምረዋል። የእናት ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጉዳዩን በጸሎት አይተው ባርከውናል። እንግዲህ እንደ አጥቢያ ለመቆም አዳራሽ መከራየት አለብን።

የምንጠይቀው ሕንፃ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «አዲስ ቤተ ክርስቲያን» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ግንብና ጣሪያ ስለሆነ ነው። ጳውሎስ በኤፌሶን ከምኩራብ ሲወጣ ግንበኛ አልፈለገም። ጢራኖስ በሚባል ሰው የትምህርት አዳራሽ ሁለት ዓመት በየቀኑ አስተማረ፤ ኤፌሶን ባለችበት በእስያ አውራጃ ይኖሩ የነበሩ ሁሉ ቃሉን ሰሙ። በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር በዱራ ዩሮፖስ በቁፋሮ የተገኘው የ3ኛው መቶ ዘመን ቤተ ክርስቲያንም ተራ መኖሪያ ቤት ነበር። ምእመናኑ የሁለት ክፍሎችን መለያ ግድግዳ አፍርሰው መሰብሰቢያ፣ ሌላውን ክፍል ደግሞ ማጥመቂያ አደረጉት።

እሑድ ጠዋት ብቻ የሚከራይ አዳራሽ አይተናል። ዋጋው ቀላል ነው። ግን ሐዘን የደረሰበት ሰው ማክሰኞ ማታ የት ይምጣ? ከሱስ ለመውጣት የሚታገለው ወጣትስ? ትዳራቸው የተናጋባቸው? አገልግሎት ለእኔ ይህ ነው፤ ይህ የሌለበት ስብከት ባዶ ድምፅ ይመስለኛል። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ150ዎቹ ስለ ክርስቲያኖች የእሑድ ጉባኤ ሲጽፍ መባው ለማን እንደሚደርስ ዘርዝሯል፦ ወላጅ ላጡ ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለታመሙ፣ ለታሰሩ፣ ለእንግዶች። እኛም ለችግረኞች የሚሆን ድርሻ አስቀድመን እንለያለን። ኪራይ ቢያጥረንም አንነካውም።

የቀረው ለኪራይ፣ ለወንበር፣ ለመጠነኛ ድምፅ ማጉያ፣ ለልጆች መማሪያና ለመጽሐፍ ቅዱስ ይውላል። አገልጋዮቻችን ለጊዜው ደመወዝ አይወስዱም። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ እንዳገለገለ፣ እነሱም በየሙያቸው እየሠሩ ያገለግላሉ።

ስለ ገንዘብ አያያዙ ግን ረዘም አድርጌ ልናገር። በቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ምክንያት ልቡ የተሰበረ ሰው ብዙ ነው። የሚጠራጠረንን ሰው አልቀየምም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ጳውሎስ ራሱ ለኢየሩሳሌም ድኾች የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 እንደምናነበው፣ ቲቶን ከሌሎች ወንድሞች ጋር ላከ። ከእነሱ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው ነበር። ምክንያቱንም አልደበቀም፦ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ ነው። ሐዋርያው እንዲህ ከተጠነቀቀ እኛ ማን ነንና! ስለዚህ ሒሳቡ የተከፈተው በኅብረቱ ስም ነው። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ ገንዘብ አይወጣም፤ ሰባኪው ከፈራሚዎቹ መካከል የለበትም። ገቢና ወጪው በየወሩ በጉባኤ ፊት ይነበባል። ከሩቅ ሆኖ የረዳን ሰውም ከጠየቀ ይላክለታል።

ማንም ተበድሮ እንዳይሰጠን። የራሳችሁን አጥቢያ መባ ቀንሳችሁም አትስጡን። ትንሽ ነው ብላችሁም አትፈሩ። ኪራይ በየወሩ ስለሚመጣ፣ ሳትቋረጥ የምትገባ ትንሽ መዋጮ በጣም ታግዘናለች። ገንዘብ ባይኖራችሁ ሙያችሁን እንፈልጋለን፤ አናጺ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሒሳብ የሚያውቅ፣ ልጆች ማስተማር የሚወድ።

ለመገናኛው ድንኳን ሕዝቡ ከሚያስፈልገው በላይ ባመጣ ጊዜ ሙሴ ከእንግዲህ አታምጡ ብሎ አሳወጀ። እኛም የአንድ ዓመት ኪራይና ዕቃው ሲሟላ በቃን ብለን ጥሪውን እንዘጋለን። መርዳት የምትፈልጉ የኅብረቱን ሒሳብ ያዦች አነጋግሩ። ደረሰኝ ሳትቀበሉም አትሂዱ።